ለአሮጌ ውጅግራ ቀላል ጥይት

የሚስቴ አባት የጥይት እርሳስ የሚመርጡት በጥርሳቸው ነበር። ቁራጩን በመንጋጋቸው ነከስ ያደርጉና አውጥተው የጥርሳቸውን ምልክት ያያሉ። ከዚያ «ይች ለስላሳ ናት፣ ትሆናለች» ወይም «ይች እንቢተኛ ናት፣ ወዲያ በላት» ብለው ይፈርዳሉ። ዛሬ ሐኪም ቢያያቸው ራሱን ይይዝ ነበር። እኔን ግን የሚያናድደኝ የጤናው ነገር አልነበረም። ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ የቶርኖ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ብረት ቆርጬ፣ ልጬ፣ በካሊፐር ለክቼ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ወረቀቴም ገና አልደበዘዘም። ሽማግሌ በጥርሱ ሊያስተምረኝ ሲነሣ ደሜ ይፈላል፤ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞራለሁ።

የተወለድኩት ደሴ ነው። ባሕር ዳር ያመጣኝ የሥራ ምደባ ሲሆን ያስቀረኝ ትዳር ነው። ከባለቤቴ ጋር ሹም አቦ ሠፈር ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረን። ወላጆቿ ደግሞ ከከተማው ራቅ ብሎ በሐይቁ ዳር ባለ መንደር ያርሳሉ። እሑድ እሑድ በታንኳ እየተሻገርን እንጠይቃቸዋለን። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የመሬት አዋጁ ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ በመንደሩ የሚያዘው የገበሬ ማኅበሩ ነው።

የሽማግሌው ሀብት አንድ ውጅግራ ነበር። ከአባታቸው የወረሱት፣ አፈሙዙ ትንሽ ጣት የሚያስገባ፣ በአንድ ጊዜ አንዲት ጥይት ብቻ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ። በወጣትነታቸው ከሐይቁ እየወጣ እህል የሚያወድመውን ጉማሬ ያባርሩበት ነበር። እጃቸው ስለሚርስ ሁለተኛዋን ጥይት በጥርሳቸው ይዘው ይጠብቃሉ፤ የመጀመሪያዋ እንደጮኸች ከአፋቸው አውጥተው ያጎርሷታል። ይህን ደጋግመው አውርተውልኛል። እኔም እንደ ማንኛውም የአደን ወሬ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፍስሼዋለሁ። በደንብ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ያን ዓመት፣ በጥር መጨረሻ ገደማ፣ ማኅበሩ አንድ ውሳኔ አወጣ። መንደሩን የሚጠብቁ ወጣቶች ጠመንጃ ስላነሳቸው መተኮስ የማይችል ሽማግሌ መሣሪያውን ያስረክባል ተባለ። እችላለሁ የሚል ከኒቆዲሞስ፣ ከሁዳዴው ሰባተኛ እሑድ፣ በፊት ባለው ቅዳሜ ቀርቦ ይፈተናል። ፈተናው ሦስት ጥይት ነው፤ ሊቀ መንበሩ እስከ ሃያ ሲቆጥር ሦስቱን ተኩሶ ከሦስት ቅል ሁለቱን መምታት።

«መሬቱን ለሌላው አካፈሉት፤ ይሁን፣ ሌላውም ሰው ነው» አሉኝ የሚስቴ አባት። «ይች ግን ከአባቴ እጅ የተቀበልኋት ናት። እሷን አስረክቤ በየትኛው እግሬ እገባለሁ ቤቴ?»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። እጃቸው ግን ሰደፉን እየዳበሰ ነበር፤ ያኔ አዘንኩላቸው። ችግሩ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ የውጅግራ ጥይት ከገበያ ከጠፋ ዘመን የለውም፤ እሳቸው ዘንድ የቀረው አንድ ያልተተኮሰ ጥይትና ዐሥራ አንድ ባዶ ቀለሃ ነው። ሁለተኛ፣ ከዓመታት በፊት ጉማሬ ታንኳቸውን ገልብጦ የቀኝ ትከሻቸውን ሰብሮታል። በሙሉ ባሩድ የተሞላ ውጅግራ ደህናውን ትከሻ እንኳ እንደ በቅሎ ነው የሚረግጠው። ስለዚህ ባዶዎቹን ቀለሃዎች እንደገና መሙላት፣ ሲሞሉም ባሩዱን ቀነስ አድርጎ ለዚያ ትከሻ የሚሆን ቀላል ጥይት ማበጀት ነበረብን። ባሩዱንና መለኮሻውን ከአንድ የድሮ ወታደር አገኙ። ከጥይቱ ጫፍ የሚቀመጠው እርሳስ፣ ማለትም ዓረሩ፣ ለእኔ ተተወ።

ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። ያልተተኮሰችውን ጥይት ለክቼ በምሳ ሰዓት ቶርኖው ላይ ከናስ የእርሳስ ማፍሰሻ ቅርጽ አወጣሁ፤ ፎርማኑ አይቶ እንዳላየ አለፈኝ። ልክ እንደ ድሮው ረዥምና ከባድ ዓረር አፈሰስኩ። እሑድ ወስደን ከቤታቸው ጓሮ ካለው ትልቅ ኩይሳ ላይ ቅል አስቀመጥንና ተኮስን። ያ ሁሉ እርሳስ በዚያች ትንሽ ባሩድ ተገፍቶ፣ ዳገት እንደያዘ ሽማግሌ ግማሽ መንገድ ላይ ደከመውና ቅሉ ሳይደርስ ትቢያ አስነሣ።

«ጌታው፣ ለመንገደኛው ስንቅ አሳንሰህ ጭነት አበዛህበት» አሉኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ድቡልቡል ይዤ ሄድኩ። ቀላል ነው፣ እርሳስም አይፈጅም፣ በወረቀት ላይ ሳሰላው እንከን አልነበረውም። ሽማግሌው መዳፋቸው ላይ አንከባለሉትና «የፍየል በጠጥ ነው ያመጣህልኝ?» አሉ። ስድስቱን ተኮሱ። አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ፣ አንዱ ወዴት እንደሄደ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሰፊው አፈሙዝ ውስጥ የሚይዘው ጎን ስለሌለው እንደፈለገው እየተንከባለለ ይወጣል። አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ከበሩ ሥር ተቀምጠው ቅሎቹን እየቆጠሩ «ቅሌን አትርፋችሁልኛል፣ እግዜር ይስጣችሁ» ሲሉ ባለቤቴ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን ተናድጄ ምሳዬን እንኳ በደንብ አልበላሁም።

ሦስተኛው ሠመረ። ርዝመቱ ከድሮው ግማሽ የሆነ፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ፣ ወገቡ ላይ ቅባት የሚይዝ አንድ ቦይ ያለው አጭር ዓረር ነበር። ጎን ስላለው አፈሙዙን ይዞ ይሄዳል፤ አጭር ስለሆነ ትንሿ ባሩድ ትችለዋለች። የቀረን የእርሳሱ ዓይነት ነበር። እኔ ጠንካራ ይሻላል ብዬ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ አቀለጥኩ። እሳቸው ዓሣ አስጋሪዎች መረብ የሚያሰምጡበትን እርሳስ አምጥተው ነከሱና «ይችን» አሉ። ሁለቱንም ሞከርን። የባትሪው ቅሉን ስቶ ኩይሳውን መታ። የመረቡ ቅሉን ለሁለት ከፈለው። ያን ቀን በልቤ ካሊፐሬን ረገምኩት፤ በአፌ ግን «ምናልባት ነፋስ ይሆናል» አልኩ።

«ነፋሱማ ለሁለቱም አንድ ነው» አሉ ሽማግሌው።

እነዚያ እሑዶች ይናፍቁኛል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዝም ይላል፤ የደንገሉ ሽታ ከባሩዱ ሽታ ጋር ይደባለቃል። ቀላል ጥይት ድምፁም ቀላል ነው፤ ወፎቹ እንኳ ተነሥተው ብዙ ሳይርቁ ይመለሳሉ። አንድ አንድ እየተፈራረቅን እንተኩሳለን፤ የመታ ይፎክራል፣ የሳተ ምክንያት ይደረድራል። በከተማው ስብሰባ፣ መዋጮና ፍርሃት ነበር፤ ሰው በሰው አይተማመንም። እዚያ ኩይሳ ፊት ግን አንድ ቅልና አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት። እኚህን ሰው አባባ ስላቸው መጀመሪያ ላይ ለወጉ ነበር፤ ከዚያ ኩይሳ ፊት ግን ከልቤ ሆነ።

ሁዳዴ ሲገባ የቅባቱ ነገር መጣ። የእርሳስ ዓረር ካልተቀባ አፈሙዙ ውስጥ እየተላላጠ ይለጠፋል። እስከዚያ የተጠቀምነው ሰምና የበግ ሞራ አንድ ላይ ቀልጦ ነበር። ሽማግሌው ሞራውን ከነጣሳው ከቤት አስወጡት።

«ጾም ነው። እጄ ሞራ ነክቶ እንዴት አድርጌ ጸሎት አደርሳለሁ? በሌላ ሥራው።»

«በኑግ ዘይት እሠራዋለሁ፣ አባባ» አልኩ።

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ሰሙን ከጧፍ ቁራጭ፣ ዘይቱን ከአማቴ ጓዳ አግኝቼ ሠራሁት። መልኩ ያምር ነበር። ግን መጋቢት ነው፣ የሐይቁ ዳር ሙቀት ይታወቃል። ዘይቱ ቀስ እያለ ከሰሙ እየተለየ ወደ ቀለሃው ወርዶ ባሩዱን አረጠበው። ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ፈቃድ ወስጄ ሄጄ ስንሞክረው ጠመንጃው ፉሽ ብሎ ዝም አለ። ዓረሩ አፈሙዙ መካከል ተቀርቅሮ ቀረ። በእንጨትና በመዶሻ አስወጣሁት። ሽማግሌው ሲያዩኝ ቆይተው ወደ ቤት ገቡ። ከኋላቸው ሳያቸው ትከሻቸው ከወትሮው ወርዶ ነበር፤ ያንን ማየት አልቻልኩም።

ዓርብ ከሥራ ስወጣ በሁዳዴ ከማይዘጋው የሙስሊም ሥጋ ቤት የበግ ሞራ ገዛሁ። ነገሩን ለራሴ አስረዳሁት፤ ዓረር አይበላም፣ የሚገባው ብረት ውስጥ ነው፣ ብረት ደግሞ አይጾምም። በዚያ ላይ እኔ ከጾም ከተለያየሁ ቆይቻለሁ። ሰኞ ሰኞ በፋብሪካው የውይይት ክበብ ጾም ምርት ይቀንሳል ሲባል ከሚያጨበጭቡት አንዱ ነኝ። ሦስት ጥይት ሞላሁ። ለፈተና ነው ብዬ ዓረሩን አፍንጫው ድረስ ነከርኩት፤ ሲደርቅ እንደ ጧፍ አማረ። ቅዳሜ ጠዋት ስሰጣቸው «ዘይቱን አስተካከልከው?» አሉኝ።

«አስተካክዬዋለሁ» አልኩ።

መንደሩ በሙሉ ወጥቷል። ሦስት ቅሎች ኩይሳው ላይ ተደርድረዋል። ከእሳቸው በፊት የቀረቡ ሁለት ሽማግሌዎች ወድቀው ጠመንጃቸው ከጠረጴዛው ሥር ተጋድሟል። የሚስቴ አባት ጋቢያቸውን አውልቀው ለአማቴ ሰጡ። የመጀመሪያዋን ጥይት አጎረሱ። ሦስተኛዋን በግራ እጃቸው ጣቶች መካከል ያዙ። ሁለተኛዋን፣ ልክ እንደ ጉማሬው ዘመን፣ አፍንጫዋን ወደ ውስጥ አድርገው በጥርሳቸው ያዙ።

ያኔ ነው የገባኝ። እጄን አነሣሁ፤ አፌን ከፈትኩ። ብናገር ፈተናው ይቋረጣል፤ ሌላ ቀላል ጥይት የለንም፤ ጠመንጃው ከሁለቱ አጠገብ ይጋደማል። ዋሾነቴም በሚስቴ አገር ሰው ሁሉ ፊት ይገለጣል። የትኛውን ይበልጥ እንደፈራሁ አሁንም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ሁለተኛውን ይመስለኛል። እጄን መልሼ አወረድኩ።

«አንድ» ብሎ ሊቀ መንበሩ መቁጠር ጀመረ። የመጀመሪያው ቅል ተበተነ። ሽማግሌው ከአፋቸው ሊያወጡ እጃቸውን ሰደዱና መንጋጋቸው ቆመ። በዚያ ሙቀት ሞራው መቅለጡ አይቀርም። ጥይቷን አውጥተው አዩዋት። ከዚያ እኔን አዩ፤ ቁጣም አልነበረም፣ ጥያቄም አልነበረም፤ ብቻ አዩኝ። ዋጥ አደረጉ። አጎረሱ፣ ተኮሱ፣ ሁለተኛው ቅል ከወገቡ ተቆርጦ ወደቀ። ቆጠራው ዐሥራ ሦስት ላይ ነበር።

ሦስተኛዋን አልተኮሱም። መጥተው መዳፌ ላይ አኖሩዋትና «ሁለት ይበቃል፤ ይችን አንተ ያዛት» አሉኝ። ሰው ጥይት ቆጠቡ ብሎ ሳቀ። እሳቸው ወደ ሐይቁ ወርደው አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ደግመው ደጋግመው። እርሳስ ስለነከሱ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ፋሲካ መጣ፤ ሽማግሌው ከሁሉ ጋር ፈሰኩ፣ ከሁሉ ጋር ተጫወቱ። ጠመንጃው ግድግዳው ላይ ነበር። ተረፍኩ አልኩ። በዳግማ ትንሣኤ እሑድ ግን ወደ ሐይቁ ዳር እንውረድ ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥን ጀመሩ።

«ያች ሁለተኛይቱ ጥይት የበግ ነበረች።»

«አዎ፣ አባባ።»

«የፍየል ብትሆን ኖሮ እተፋት ነበር።»

መሳቅ አቃተኝ። «ታዲያ ለምን አልተፉትም?» አልኳቸው።

«ብተፋማ ምን ሆንህ ይሉኛል። አማቹ በሁዳዴ ሞራ አጎረሰው ይባላል። አንተ ከዚህ አገር ትጠፋለህ፤ ልጀስ ከማን ጋር ትኖራለች? ጠመንጃዋም አሳሳችኝ፣ አልዋሽህም። ስለዚህ ዋጥሁት።» ውኃው ላይ ጠጠር ወረወሩ። «ለነፍስ አባቴ ነገርሁ። የሕማማቱ ስግደት የሁሉም ነው፣ የአንተው ንስሐ ለብቻው ይሁን አሉኝ። አሁን በሃምሳው ቀን ጾምም ስግደትም የለም። የሰኔ ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም፣ በየቀኑ አርባ መስገድ፣ ጾሙ እስኪፈታ። የእኔ ይህ ነው። ቃልህን ማጠፍህ ግን የአንተ ነው፤ እሱን እኔ አልሰግድልህም።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ይቅር ብየሃለሁ። ሰኔ ሲገባ ና፣ አብረን እንሰግዳለን።»

«እሺ» አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ እሺ ያልኩት ከዚያ ድንጋይ ላይ ለመነሣት ነው። ሰኔ ሲመጣ የሥራ ብዛት አላጣም ብዬ ነበር።

በግንቦት ንዳድ ያዛቸው። መልእክተኛ ደርሶን ስንሻገር ሦስተኛ ቀናቸው ነበር፤ እኔን አላወቁኝም፣ ባለቤቴን በእናታቸው ስም ጠሯት። በማግሥቱ አረፉ። በዚያ አገር ጠመንጃ የነበረው ሰው ሲቀበር አንዲት ጥይት ይተኮስለታል። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ጠመንጃውን ለእኔ ሰጡኝ። ጥይት ስጡት ተብሎ ሲጠየቅ ከኪሴ ሦስተኛዋን አወጣሁ። ሞራው አሁንም አፍንጫዋ ላይ ነበር። በሃምሳው ሞራ አይከለከልም አልኩ በልቤ።

ወደ ሰማይ ተኮስኩ። ሰደፉ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ተወኝ፤ ለእሳቸው ትከሻ የተሠራች ነበረች። ድምፁ ከበር መዝጋት አይበልጥም። ከሌላ ደብር የመጣ አንድ ለቀስተኛ «ይችማ ለእንዲህ ያለ ሰው አነሰች» ሲል ሰማሁት። እንባዬ መጣ፤ ያን ያህል ያለቀስኩት ለአባቴም አልነበረም።

የሰኔ ጾም በገባ የመጀመሪያው ቀን ማንም አልጠራኝም። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ታንኳ ይዤ ተሻገርኩ። ሳልቀምስ ዋልኩ። ስግደት አላውቅበትም ነበር፤ በሠላሳኛው ግንባሬ አፈር ሆነ። አማቴ ከበሩ ሆነው ያዩኛል። የእሳቸው አርባ ሲሞላ ሽሮና ኑግ የተቀባ እንጀራ ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። የኑጉ ሽታ በዚያ ሐሙስ የተቀረቀረውን ዓረር አስታወሰኝና መብላት አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሞራውን፣ ቃሌን፣ እጄን አንሥቼ ማውረዴን።

«እሳቸው ነግረውኛል» አሉ አማቴ፣ እንጀራውን ወደ እኔ እየገፉ። «ሰኔ ሲገባ ካልመጣ እንዳትጠሪው፣ ባይመጣም እንዳትቀየሚው ብለውኝ ነበር።»

የበላሁት እየመሸ ሲሄድ ነው። ከዚያ በፊት ተነሥቼ የራሴን አርባ ጀመርኩ።